የጁምዓው ሁለት ደወል

ቢስቲማ፣ ሰኔ 11 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለመዲና፤ ቤሩት።

አሰላሙ ዓለይኩም። አላህ ያለሽበትን አገር ሰላም፣ የምትሠሪበትን ቤት ሰው ሩኅሩኅ ያድርግልሽ። እኛ ሁላችን ደህና ነን። ደህና ያልሆነው የእናትሽ ስልክ ነው፤ የዚህ ደብዳቤ ጉዳይም እሱው ነው። ገንዘብ የሚጠይቅ ደብዳቤ ስላልሆነ ተረጋግተሽ አንብቢው።

ያን ስልክ እናትሽ ቤት ያስገባሁት እኔ አጎትሽ ነኝ። በስልክ መሥሪያ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ሳገለግል ለገጠሩ ያደልነው ዓይነት ነው፤ ገመድ የለውም፣ አንቴና አለው፣ ሲም ካርድ አያስገባም። ሲዲኤምኤ ይባላል። የከተማው የኪስ ስልክ ደግሞ ካርድ የሚያስገባው ሌላው ዓይነት ነው። ሁለቱ አንድ ሰማይ ሥር እየኖሩ በአንድ ማማ አይሠሩም፤ የየራሳቸው ማማ አላቸው። አሁን አንደኛው ብቻ እንዲቀር ተወስኗል፤ የሚቀረው የእኛው አይደለም። ነሐሴ ላይ ይዘጋል። ቁጥሩም አብሮት ይቀበራል፣ ወደ ካርዱ ስልክ አይሻገርም። ደሴ ድረስ ሄጄ ጠይቄያለሁ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ «ሲዲኤምኤ» ስላት የመድኃኒት ስም መስሏት ፋርማሲው ከመንገዱ ማዶ መሆኑን በትሕትና አሳየችኝ።

ለእናትሽ ለነስሪያ ነገርኳት።

«ይህ ስልክ ሊዘጋ ነው።»

«ማን ነው የሚዘጋው?»

«መሥሪያ ቤቱ።»

«ቤቴ መጥቶ?»

«አይ፣ እዚያው ሆኖ። ከሩቅ።»

«ከሩቅ ከሆነ አይደርስበትም» አለችና ወደ ሽንኩርቷ ዞረች።

እናትሽ ኔትወርክ የሚባል ነገር መኖሩን አታምንም። ሳታየው የምታምነው አላህን ብቻ ነው፤ ለሌላ ቦታ የላትም።

ነገሩን ቀላል አታድርጊው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየጁምዓው ከሶላት በኋላ ሁለት ጊዜ ታስጮኺና ትዘጊያለሽ። እሷ አታነሣም፤ ብታነሣ ሒሳብ ይቆጥርብሻል። ሁለቱን ሰምታ «አልሐምዱሊላህ» ትላለች፣ ሳምንቷንም በዚያ ትገፋዋለች። ዓይኗ እየደከመ ስለሆነ ከአንቺ የሚደርሳት ነገር በጆሮዋ የሚገባው ያ ብቻ ነው። ነሐሴ ላይ እሱም ይቋረጣል።

የኪስ ስልክ ልግዛልሽ ብላት «ከመዲና እጅ ካልመጣ አልነካም» አለች። ስለዚህ ካርድ የሚያስገባ፣ ቁልፉ ትልልቅ፣ ድምፁ ጎረቤት የሚያስቀይም ስልክ ላኪልኝ። ለአንድ የስልክ ድርጅት ብቻ ያልታሰረ መሆኑን አረጋግጪ። ኢንተርኔት እንደሆነ እዚህ ከተዘጋ ከርሟል። የእኔን የድሮ ቁጥርም አትሞክሪው፤ የመሥሪያ ቤቱ ስለነበር ጡረታ ስወጣ አስረክቤዋለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ስልክ ሳቃና ኖሬ፣ ስልክ የሌለው ሰው መሆን ምን እንደሚመስል እያጣጣምኩ ነው። ጥሩ ነው።

አጎትሽ አብዱልገኒ

*

ዳሒዬ፣ ሐምሌ 14 ቀን 2016

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ ለአብዱልገኒ።

ወዓለይኩሙ ሰላም። አላህ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፣ ጉልበትዎን ያጽናልኝ። ደብዳቤዎ በወሩ ደረሰኝ። ገንዘብ የማይጠይቅ ደብዳቤ ነው ብዬ ለልጆቹ ባነብላቸው «እስቲ ድገሚው» ብለው አስደገሙኝ።

ልጆቹ ያልኩዎ አብረውኝ የሚኖሩት ሲፈንና ሃይሚ ናቸው። ለእርስዎ አልደብቅም፤ ከባዕብዳዋ አሠሪዬ፣ ከማዳሜ ቤት ከወጣሁ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ፓስፖርቴ እሷ መሳቢያ ውስጥ ቀርቷል። አሁን ሦስታችን ቤሩት ዳር፣ ዳሒዬ አንድ ክፍል ተከራይተን በየቀኑ የየሰዉን ቤት እናጸዳለን። ያለ ፓስፖርት የስልክ መስመር ስለማይሰጡ የእኔ መስመር በሃይሚ ስም ነው፤ ያኒ እናቴ ጋ ስደውል በወረቀት የምትደውለው ሃይሚ ናት። ይህን ለእናቴ አይንገሯት። ባዕብዳ እንዳለሁ ነው የምታውቀው፣ እዚያው ልኑርላት።

የስልኩን ነገር ግን ኸላስ፣ ተገላገልነው! ማክሰኞ ማክሰኞ የማጸዳላት ፋናር ያለች ማዳም አለች፣ ማዳም ጆርጄት። የእህቷ ልጅ ከአሜሪካ ለጉብኝት መጥቶ ትቶት የሄደው ስልክ ዓመታት ሙሉ ኩሽና መሳቢያ ውስጥ ከቡሽ መንቀያው ጋር ተኝቶ ነበር። ባለፈው «ውሰጂው ውዴ፣ እዚህ አገር አይሠራም» አለችኝ። ለምን ብላት «ካርድ ማስገቢያ የለውም እኮ፣ አየሽ?» ብላ ገልብጣ አሳየችኝ።

አጎቴ፣ ልቤ ዘለለ። ካርድ ማስገቢያ የለውም! የእናቴስ ስልክ ካርድ አያስገባም አላሉኝም? እዚህ ያልሠራው የእኛ ዓይነት ስለሆነ ነው ብዬ ወዲያው ገባኝ። እርስዎ ካርድ የሚያስገባ ላኪ ብለዋል፣ አውቃለሁ፤ ግን እናቴ በስተርጅና ለምን አዲስ ነገር ትልመድ? የለመደችውን ዓይነት አገኘሁላት። ማዳም ጆርጄትን «መርሲ፣ መርሲ» እያልኩ እጇን ልስም ስል «ምን ሆነሻል፣ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ልጥለው የነበረ ነው» አለችኝ። ሥርጉት የምትባል የደሴ ልጅ ጠቅልላ ትገባለች፣ እሷ ትይዘዋለች።

ሌላም ደስ የሚል ነገር አለ። ሲፈን አዲስ የመደወያ ካርድ አግኝታለች፤ ቁጥሩን ሲመቱ ከየትኛውም ስልክ ላይ ይሠራል። በፊት ጁምዓ ስደውል አንዳንዴ ያቺ «አይገኝም» የምትለው የስልክ ሴትዮ በእንግሊዝኛ ትገባብኝ ነበር፤ በዚህ ካርድ ግን ወዲያው ይጠራል፣ ጥርት ብሎ። አንድ፣ ሁለት፣ ኸላስ። እናቴ እየሰማች እንደሆነ አሁን ይበልጥ እርግጠኛ ነኝ።

የእህትዎ ልጅ መዲና

*

ቢስቲማ፣ ነሐሴ 29 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለመዲና።

ሰላምና ጤና ካለሽበት ይድረስሽ። ስልኩ ደርሷል። ሥርጉት እስከ ደሴ በብብቷ ይዛ አመጣችው፤ ከደሴ እኔ በተመሳሳይ አክብሮት አመጣሁት።

መዲና፣ ስሕተትሽ የሞኝ ስሕተት አይደለም። የስልክ መሐንዲስ ሳይቀር ቆም ብሎ የሚያደንቀው ስሕተት ነው። ሁለቱ ስልኮች በእርግጥ ዘመዳሞች ናቸው። ዓለም ስልክን በሁለት መንገድ ሠራው። በአንደኛው መንገድ ሰው ማንነቱን ጥፍር በምታህል ካርድ ይይዛል፤ አገር ሲለውጥ ካርዱን ይለውጣል፣ ስልኩ ያው ነው። በሁለተኛው መንገድ ማንነቱ ስልኩ ሆድ ውስጥ ተሰፍቷል፤ የሰፋው ድርጅት ካልፈታው ባሕር ቢሻገርም የዚያው ድርጅት ነው። የእናትሽም የአንቺም ከሁለተኛው ወገን ናቸው። ያንቺው ግን የተሰፋው አሜሪካ ነው። እሱን እፈታለሁ ብል እንኳ፣ የሚያነጋግረው ማማ ነሐሴ 8 ቀን ረቡዕ ጠፍቷል። እንግዳው የደረሰው ከቀብር መልስ ነው።

እናትሽ ግን ደስ ብሏታል። በአረንጓዴ ሻሽ ጠቅልላ ከትልቁ ስልክ አጠገብ አኑራዋለች። ሰው ሲመጣ ገልጣ ታሳያለች፤ እንዲሠራ ግን አልጠበቀችም።

የምትጠብቀው ከትልቁ ነው። ሦስት ጁምዓ ዝም አለ። ሦስተኛው ዕለት ቤቷ ነበርኩ።

«ተዘግቷል ብዬሻለሁ እኮ፣ ነስሪያ።»

«መብራቱ በርቷል።»

«መብራቱ የግድግዳው ኤሌክትሪክ ነው። የጠፋው ወደ እሱ የሚመጣው ነው።»

«ወደ እሱ የሚመጣው የመዲና ደወል ነው» አለች። «ጠፋች ልትለኝ ነው?»

ለዚህ ጥያቄ የሚሆን ሥልጠና መሥሪያ ቤቱ አልሰጠኝም።

ስለዚህ ስልክ አልባነቴን ሠውቼ የኪስ ስልክ አውጥቻለሁ። ያንቺ ቁጥር ስለሌለኝ የእኔን በወረቀቱ ጀርባ በትልቁ ጽፌዋለሁ። ጁምዓ ሁለቱን በእኔ ላይ አስጩኺ፤ እሷ ቤት ድረስ ሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ነው፣ ሄጄ እነግራታለሁ። ይህን ይዛልሽ የምትመጣው ቀፀላ ናት፤ ለእረፍት መጥታ ወደ ሥራዋ የምትመለስ ልጅ ናት። በረራዋ መስከረም 20 ቀን ነው፤ እስከዚያ እናትሽን በወሬ አቆያታለሁ።

አጎትሽ አብዱልገኒ

*

ፋናር፣ መስከረም 23 ቀን 2017

አጎቴ፣ በሕይወት አለሁ። ሰላምታው ይከተል፣ ይህ ይቅደም።

አሰላሙ ዓለይኩም። አላህ እናንተን ክፉ አያሳያችሁ። ያለፈው ጁምዓ ዳሒዬ በቦምብ ስትደበደብ በቴሌቪዥን አይታችሁ ይሆናል። እኛ ያየነው ትንሽ ነው፤ አቧራው አላሳየንም። ስንወጣ ሃይሚ የዕቃ ማጠቢያ ጓንቷን አላወለቀችም ነበር፤ ባሕሩ ዳር ስንደርስ ነው ሲፈን አይታ «ያላ፣ አሁን ባሕሩን ልታጥቢው ነው?» ያለቻት። ሳቅን። ከዚያ ሦስታችንም አንድ ላይ አለቀስን፣ ለቅሶውንም ከሳቁ ቆጥረን ተውነው።

ሁለት ቀን አስፋልት ላይ ተቀመጥን። ሰው የተጠለለበት ትምህርት ቤት ሄደን በሩ ላይ ያለው ሰው «ለአገሩ ሰዎች ብቻ ነው» አለን። ተናዶ አይደለም፤ አፍሮ ነበር፣ እያየን አልነበረም የተናገረው። ከዚያ በእግር ወደ ፋናር ወጣን። ማዳም ጆርጄት በሩን ከፍታ ሦስታችንን አየች፣ አቧራችንን አየች፣ «ማክሰኞ አይደለም እኮ» አለች። ቀጥላ የናጡሩን ክፍል ቁልፍ አመጣችልን። ናጡሩ፣ ያኒ የሕንፃው ዘበኛ፣ ሶርያዊ ነበር፤ ወደ አገሩ ሸሽቷል። እሱ ሸሽቶ በወጣበት እኛ ሸሽተን ገባን።

ስልኬ ዳሒዬ ቀርቷል። ቁጥሮቹ ሁሉ እዚያው ውስጥ ናቸው። በቃሌ የማውቀው ቁጥር በዓለም ላይ አንድ ነው፣ የእናቴ። ሲፈን የመደወያ ካርዱን በጡት መያዣዋ ይዛው ስለወጣች ከማዳም ጆርጄት የቤት ስልክ እደውላለሁ። አሁን ጁምዓን አልጠብቅም፤ በየቀኑ ሁለት ጊዜ አስጮኻለሁ። ይጠራል አጎቴ! እዚህ መስታወቱ ሲንቀጠቀጥ እንኳ እዚያ ጥርት ብሎ ይጠራል። ያ ድምፅ እናቴ ቤት እየገባ ነው ብዬ ሳስብ እግሬ ይጸናልኛል።

ማዳም ጆርጄት አጠገቤ ቆማ ታየኝ ነበር።

«ማንም አላነሣም።»

«አዎ ማዳም።»

«ታዲያ ለምን ትደውያለሽ?»

«ካላነሣች ሰምታለች ማለት ነው።»

ውኃ አመጣችልኝ። ያመመኝ ሳይመስላት አልቀረም።

አንድ ቀን፣ አልዋሽዎትም፣ ሳልዘጋ ቆየሁ። አሥር ጊዜ፣ አሥራ አምስት ጊዜ ጠራ። ታነሣ ይሆናል ብዬ ነው። አላነሣችም። ልማዷ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ይህን ሁሉ በቴሌቪዥን እየሰማች፣ አንድ ቀን እንኳ «ሃሎ» ብትል ምን ነበር? ተዉት፤ እንቅልፍ ስላጣሁ ነው።

ሃይሚ ወንድሟ ቲኬት ቆርጦላት በሌላ አገር ዞራ ትገባለች፣ ደብዳቤውን ትይዛለች። ለእናቴ «ማዳም ቤት ናት፣ ደህና ናት» ይበሏት። ውሸት አይደለም፤ ማዳሟ ሌላ ሆነች እንጂ።

የእህትዎ ልጅ መዲና

*

ቢስቲማ፣ ኅዳር 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለመዲና።

ላቆየሽ አላህ ምስጋና ይግባው። ከዚህ የሚበልጥ ሰላምታ ስለሌለኝ በዚሁ አልፋለሁ።

የመስከረሙ ደብዳቤሽ የደረሰኝ ኅዳር 22 ቀን ነው። ሃይሚ አዲስ አበባ ለአንድ ነጋዴ ሰጠችው፣ ነጋዴው በላይነህ ለሚባል የጭነት መኪና ሹፌር ሰጠው፤ በላይነህ ከፀሐይ መከላከያው ሥር ሰክቶት አምስት ሳምንት አገር ሲያስጎበኘው ከረመ። «ጋሼ፣ ረሳሁት፣ ይቅርታ» አለኝ። የእጅ ጽሑፍሽን ሳይ አቀፍኩት። ሹፌሩ ደንግጦ የከሰስኩት መስሎት ነበር።

አሁን ሁለት ነገር ልነግርሽ ነው። አንደኛው ያንቺ ደወል ነው፣ ሁለተኛው የእኔ።

ያንቺው፦ የነሐሴው ደብዳቤዬ አልደረሰሽም፤ የቀፀላ በረራ ተሰርዞ እስከ ዛሬ አዲስ አበባ ናት። ስለዚህ አታውቂም። መዲና፣ የእናትሽ ስልክ ከነሐሴ 8 ጀምሮ አንድም ጊዜ አልጮኸም። የምትሰሚው «ጥርት ያለ» ጥሪ ከእናትሽ ቤት አይመጣም። እንዲህ ያሉ ርካሽ ካርዶች መንገዱ ይገናኝ አይገናኝ ሳያውቁ፣ ደዋዩ ተስፋ ቆርጦ እንዳይዘጋ የጥሪ ድምፅ እዚያው አጠገቡ ያሰሙታል። ጥርት ያለው ቅርብ ስለሆነ ነው። ለአሥራ አምስት ጊዜ የጠበቅሻት እናትሽ ጨክና አይደለም። ምንም አልሰማችም።

የእኔው፦ ከመስቀል ሰሞን በኋላ የቤሩት ቦምብ ወሬ ሲሰማ እናትሽ ቤት ሰው ሁለት ሁለት እየሆነ መምጣት ጀመረ። ለቅሶ ነው ያለ የለም። ጫማቸውን በር ላይ ያወልቃሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ስለ ዝናቡ ያወራሉ። ጎረቤቷ አሕመዲን ደጅ ጠርቶኝ «ሰደቃውን ከአጨዳው በፊት ነው በኋላ?» አለኝ። «የምን ሰደቃ?» ስለው ትከሻዬን ነካ አድርጎኝ ገባ። ነስሪያ እህል ትታለች። ፊቷን ወደ ስልኩ አድርጋ ትቀመጣለች። መብራቱ በርቷል።

ያ ስልክ የማንቂያ ሰዓት አለው። ኔትወርክ ቢጠፋም ሰዓት መቁጠሩን አይተውም፤ በዚህ ከብዙ ሠራተኛ ይሻላል። መስከረም 24 ቀን ጁምዓ ማለዳ ሄጄ፣ አቧራ የምጠርግ መስዬ ለሰባት ሰዓት ተኩል ሞላሁት። ድምፁንም ከጥሪው ድምፅ ጋር አንድ አደረግሁት። ሰዓቱ ሲደርስ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሁለት ጊዜ ጮኸ። ቁልፉን ተጫንኩት።

ነስሪያ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ቆየች።  ከዚያ «አልሐምዱሊላህ» አለችና እህል ይቅረብ አለች። በላች። 

ዘጠኝ ጁምዓ እንዲህ አደረግሁ፤ በየጁምዓው ሁለት ሰዓት መሄጃ፣ ሁለት ሰዓት መመለሻ። አንቺን ሞታለች ብዬ ነው። የሞተ ሰው መስሎ መደወል በየትኛው ኪታብ እንደሚዳኝ አላውቅም፤ ሼኩን ለመጠየቅ ድፍረቱ አልነበረኝም፣ በጎረቤትም በኩል አላስጠየቅሁም።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ዕለት ሮጬ ሄድኩ፤ በእኔ ዕድሜ መሮጥ ከተባለ። አነበብኩላት። የቦምቡን ዘለልኩ፣ የጓንቷን አነበብኩ። ስጨርስ «ጥሩ አነበብክ፣ ወንድሜ» አለችኝ። ድገምልኝ አላለችም። ገረመኝ፤ ግን ለካስ በየጁምዓው እየሰማች ስለሆነ ዜና አልሆነባትም አልኩ።

ከደሴ ካርድ የሚያስገባ የቤት ስልክ ገዝቼ አጠገቡ አስቀምጫለሁ። መዲና የላከችው ነው አልኳት። ውሸቴ እየተዋለደ ነው። ቁጥሩ ከዚህ በታች አለ፤ ያለ ካርድሽ፣ ከደህና መስመር ደውዪበት። ቀፀላ በረራ ተከፍቶላታል፤ የነሐሴውንም ይህንንም አንድ ላይ ይዛ ትመጣለች። እስኪደርስሽ የአሮጌውን ሰዓት መሙላቴን እቀጥላለሁ። አዲሱ የጮኸ ቀን ግን አሮጌውን እነቅለዋለሁ። ከዚያ በኋላ አንቺ ካልደወልሽ ቤቱ ዝም ይላል። ለማስፈራራት አይደለም መዲና። ደክሞኛል።

አጎትሽ አብዱልገኒ

*

ፋናር፣ ጥር 19 ቀን 2017

ይድረስ ለአጎቴ፣ በአባቴም ቦታ ለሆኑልኝ፣ ለአብዱልገኒ።

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እግርዎን አላህ አያድክመው። የሄዱበትን መንገድ ሁሉ ይቁጠርልዎት።

ቀፀላን እሁድ ለእሁድ የአገር ልጅ በሚገናኝበት ዶራ ገበያ ስጠይቅ ስጠይቅ ከሳምንት በፊት አገኘኋት። ሁለቱንም ደብዳቤ ሰጠችኝ። የነሐሴውን ቀድሜ አነበብኩ፤ ማንነቱ ሆዱ ውስጥ ተሰፍቷል፣ የሰፋው ካልፈታው ባሕር ቢሻገርም የዚያው ነው የሚለው ጋ ስደርስ ለሲፈን ጮክ ብዬ አነበብኩላት። «ይሄማ ስለ ስልክ አይደለም» አለች፤ የእሷም ፓስፖርት ያስመጣቻት አሠሪዋ ጋ ነው። ከዚያ የኅዳሩን አነበብኩ። እሱን ለማንም አላነበብኩም።

ጥር 16 ቀን ጁምዓ በአዲሱ ቁጥር፣ ያለ ካርዱ ደወልኩ። ለእርስዎ ቅዳሜ ስደውል ስለ ጤናዎ ብቻ ጠይቄ የዘጋሁት ይህን በአፌ ማውጣት ስላቃተኝ ነው፤ ስለዚህ እጽፈዋለሁ።

አንዴ ጠራ፣ ሁለቴ ጠራ። ልዘጋ ጣቴን ሳነሣ ተነሣ። ዘጠኝ ዓመት ደወሌን አንሥታ የማታውቅ እናቴ! ትንፋሽ ብቻ ይሰማኛል።

«ማነው?» አለች።

«እኔ ነኝ እማዬ። መዲና።»

 ያመነችኝ አልመሰለኝም።

«አንቺ ከሆንሽ» አለች፣ «ለምን አረፈድሽ?»

የእናንተ ሰዓት አሥር ሊሆን ምንም አልቀረውም ነበር። «ወለሉ አልደርቅ ብሎኝ ነው» አልኳት። ሌላ የምለው አልነበረኝም፤ እውነቱም እሱ ነው። ያኔ አለቀሰች አጎቴ። እንዲያ ስታለቅስ ሰምቻት አላውቅም፤ አባቴ የሞተ ጊዜም አልሰማኋት።

ሲወጣላት ነገረችኝ። «ወንድሜ አሁን ነው የሄደው። ሰባት ሰዓት ተኩል ሲል ይጮሃል፣ ደቂቃ አያዛንፍም። ዘጠኝ ዓመት አንቺ አንድ ቀን እንኳ በሰዓቱ ደውለሽ አታውቂም። አንዴ በስምንት፣ አንዴ በአሥር። የመጀመሪያው ጁምዓ እንደ ሰዓት ቆጣሪ ሲጮህ፣ ይሄ የመንግሥት ሠራተኛ ደወል ነው፣ የልጄ አይደለም አልኩ።»

«ከመጀመሪያው?»

«ከመጀመሪያው። ጉልበቱ ሲንቋቋ ሰማሁት እኮ፣ ቁልፉን ሊጫን ሲያጎነብስ።»

«ታዲያ ለምን አልሐምዱሊላህ አልሽ?»

«ምን ልበል? ሞትሽን ሰምቶ ከእኔ እየደበቀ መሰለኝ። ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ፣ ላቡን ጠርጎ፣ ፊቴን እያየ ይጠብቃል። እንዳወቅሁ ካወቀ እሱ የሚይዘው አይኖረውም አልኩ። ስለዚህ ብላ ሳይለኝ በላሁለት።»

እንዲህ ነው ያለችው። በላሁለት።

«ደብዳቤዬንስ? አንብቦልሽ የለም?»

«እሱንም ራሱ የጻፈው መስሎኝ» አለች። «የጓንቷን ጉዳይማ ከየት አመጣኸው ልለው ነበር።  ጥሩ አነበብክ አልኩት።»

ስለዚህ አጎቴ፣ በእነዚያ ጁምዓዎች ሁለታችሁም ሐዘን ተቀምጣችሁ ነበር፣ አንድ ክፍል ውስጥ፣ አንዳችሁ ለአንዳችሁ ደስተኛ መስላችሁ። እኔ ደግሞ ፋናር ቆሜ ለካርዱ ማሽን እደውል ነበር።

«አትንገሪው» አለችኝ። «የለፋው ሁሉ ከንቱ ይመስለዋል። በሚቀጥለው ጁምዓ ሲመጣ አዲሱ ይጮሃል፣ አሮጌውን ይነቅላል፣ እኔም እንደ ልማዴ አመሰግናለሁ።» እሺ አልኳት። ይኸው ነገርኩዎት። ከንቱ እንዳልነበረ ከእሷ አፍ የሰማሁት እኔ ብቻ ስሆን ዝም ማለት አልሆነልኝም። «እሱ ባይመጣ ኖሮ በሦስተኛው ሳምንት በሕይወት አትደርሽብኝም ነበር» ብላኛለች።

የባዕብዳዋ ማዳሜ ፓስፖርቴን ትፈታው እንደሆነ ማዳም ጆርጄት ልታናግርልኝ ቀጠሮ ይዛለች። ቃል አልገባም። ሲሆን እጽፋለሁ።

እስከዚያው ለእናቴ ያወቁ አይምሰሉ። ጁምዓ እንደ ሁልጊዜው ይሂዱና አጠገቧ ይቀመጡ፤ የስልኩን ሰዓት ግን አይሙሉት። አብራችሁ ጠብቁኝ። አረፍዳለሁ፤ ግን እደውላለሁ።

የእህትዎ ልጅ መዲና